ዘርና መሬት፤ ስለ አጥንት መቅኔና ስለ ደም ማነስ

መምህራንና አረጋውያን ሆይ፥ የባኮ ገበሬ የበቆሎው ቡቃያ ገርጥቶ ሲያይ «ጥፋቱ የዘሩ ነውን ወይስ የመሬቱ?» ብሎ ይመረምራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 የወጣው ቢኤች 660 የተባለው የባኮ ምርጥ ዘር እንኳ በደከመ መሬት ላይ መልካም ፍሬ አይሰጥምና። ሊቃውንትም ስለ ደም ይህንኑ ጠየቁ።

ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ መሆኑን ኤርንስት ኖይማን የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1868 ገለጠ። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል፥ የአይጥም 40 ቀን ያህል ነው፤ ስለዚህ መቅኔ ሥራውን ቢያቆም ደም ፈጥኖ ይጎድላል።

በአሜሪካ በሜይን አገር በሚገኘው በጃክሰን ላቦራቶሪ፥ ከወላጆቻቸው በወረሱት ጉድለት ደም የሚያንሳቸው አይጦች ነበሩ። ኤልሳቤጥ ራስል የተባለች ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋራ ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ ደም ሠሪ ሕዋስ ሰጠቻቸው፤ በ1956 እንደ ገለጡትም የተሰጣቸው ሕዋስ በውስጣቸው ጤነኛ ደም ሠራ።

ዳሩ ግን ስቲል የተባለውን ሌላ ጉድለት የወረሱት አይጦች ጤነኛ መቅኔ ቢሰጣቸውም አልዳኑም። የሚያስደንቀው ግን የእነዚሁ ሕሙማን መቅኔ ለፊተኞቹ ቢሰጥ ያድናቸዋል። ትርጓሜውም እንዲህ ነው፤ የፊተኞቹ ዘራቸው ተበላሽቷል፥ መሬታቸው ግን ደኅና ነው፤ የኋለኞቹ ዘራቸው ደኅና ነው፥ ዘሩ የሚያርፍበት መሬት ግን ተበላሽቷል።

መቅኔን ለሰው መስጠትንም ዶክተር ዶናል ቶማስ በ1957 ጀምሮ፥ ስለ ድካሙ በ1990 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ አንድ ልጅ ሲገረጣ «ቡዳ በላው»፥ ወይም «የዚያ ቤት ዘር ክፉ ነው» ብሎ ቤተ ሰቡን ከጋብቻ መከልከል አይገባም። የሚወረስ ጉድለት ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም መቅኔው ከተስማማ የታመመውን ልጅ የሚያድነው ከዚያው ቤት የተወለደው ጤነኛ ወንድሙ ወይም እኅቱ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ደም የሚያንሰው ሁሉ ከዘሩ የወረሰው አይደለም፤ ወባ፥ የአንጀት ትልና የምግብ ጉድለትም ደምን ያሳንሳሉ፤ እነዚህም መድኃኒት አላቸው። ስለዚህ የገረጣውንና ቶሎ የሚደክመውን ተማሪ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትቅጡት፤ አባቱን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ምከሩት።

ጥያቄ፤
1ኛ፤ ደም በሰውነታችን ውስጥ ወዴት ይሠራል?
2ኛ፤ ጤነኛ መቅኔ አንዱን አይጥ አድኖ ሌላውን ያላዳነው ስለ ምንድን ነው?