ወረቀቱን ሳታዪ አትወስኚ

ነይ እስቲ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ስልኩንም አስቀምጪው፤ ከትናንት ጀምሮ እሱ ላይ እንዳቀረቀርሽ ነው። «የጡት ካንሰር ነው» ከተባለ ወዲህ ዘመዱ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። አክስታችን «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» ትላለች፣ ጎረቤቷ ቅጠል ይዛ መጣች። እኔ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የባዮፕሲ ውጤትሽን አምጪ። ሦስት ነገር ፈልጊበት፦ ኢአር፣ ፒአር፣ ኸር ቱ። ከሌሉበት «ይሠራልኝ» በይ። ናሙናው በሰም ተደርጎ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ እንደገና መወጋት አያስፈልግም። እኔ መጠየቅ ሳላውቅ ሁለት ወር ባክኖብኛል። የጡት ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለጎረቤት የሠራው መድኃኒት ላንቺ ላይሠራ ይችላል።

ኢአር ወይም ፒአር ፖዘቲቭ ከሆነ ዕጢው በሆርሞን ነው የሚያድገው ማለት ነው፤ ያንን የሚዘጋ ክኒን አለ። የኔው ይኸው፣ ታሞክሲፌን፤ በየቀኑ፣ ቢያንስ 5 ዓመት። ሌሊት በላብ ተነክሬ ጋቢዬን ገፍፌ እነሳለሁ፤ ግን አላቋረጥኩትም። በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም፤ ልጅ ካሰብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ኸር ቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ለ1 ዓመት ይሰጣል። ዋጋው ይከብዳል፣ ልብንም ሊያደክም ስለሚችል ልብሽ በየጊዜው በአልትራሳውንድ ይታያል። ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ዋናው መድኃኒት ኬሞ ነው።

ጡት ሁሉ የግድ ይቆረጣል ያለሽ ማነው? ዕጢው ትንሽ ከሆነ እሱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መጨመር ሙሉውን ከማውጣት እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተሙ የ20 ዓመት ክትትሎች አሳይተዋል። ትልቅ ከሆነም ኬሞው ቀድሞ ሊያሳንሰው ይችላል። ብቻ ያለ ጨረር ይሄ መንገድ አይሞላም። ጨረር በአገራችን ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፣ ወረፋውም አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ኦፕራሲዮን ክፍል ሳትገቢ «ጨረሩን የትና መቼ አገኛለሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ጠበልሽን ተጠመቂ፣ ማን ይከለክልሻል? ቀጠሮሽን ግን እንዳታሳልፊ።

ነገ አብሬሽ እገባለሁ፣ ደብተር እይዛለሁ። ዶክተሩ ሲያወራ አንቺ የምትሰሚው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። እኔም ያኔ ከዚያች ወዲያ የሰማሁት አልነበረም።