የታመመን መጠየቅና የሞተን መቅበር

ፍቅር በአፍ ሲነገር ቀላል፥ በሥራ ሲገለጥ ግን ከባድ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ፍቅራችን በአንደበት ብቻ እንዳይቀር አጥብቆ ያስጠነቅቀናል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ስለ ፍቅር በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ ከፍቅር ሥራዎች አንዷን፥ ይኸውም ሕሙማንን መጠየቅን፥ ለይተን እንመለከታለን። ይህችን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ሕዝባችን ሙት በመቅበርና ኀዘንተኛ በማጽናናት የሚታማ አይደለም። ነገር ግን በቀብሩ ዕለት ያ ሁሉ ሕዝብ የሚሰበሰብለት ሰው፥ በሕይወት ሳለ በአልጋ ላይ በተኛበት ወራት ስንት ሰው ጠየቀው? ብለን ብንመረምር፥ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር ሆኖ ይገኛል።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዕለተ ፍርድ የሚጠይቀን ነገር ምን እንደ ሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ገልጦ አስተምሮናል። ነገሮቹ ስድስት ናቸው፤ የተራበን ማብላት፥ የተጠማን ማጠጣት፥ እንግዳን መቀበል፥ የታረዘን ማልበስ፥ የታመመን መጠየቅ፥ የታሰረን መጐብኘት። ልብ አድርጉ፤ ስድስቱም በሕይወት ላለ ሰው የሚደረጉ ናቸው፤ ሙት መቅበር ከእነዚህ መካከል አልተቈጠረም። ይህን ስንል የቀብርን ክብር ማቃለላችን አይደለም። ጦቢት በነነዌ በምርኮ ሳለ የወገኖቹን ሬሳ በስውር እየቀበረ እግዚአብሔርን አገልግሏል። ነገር ግን የመጽሐፈ ጦቢትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ያነበበ ሰው እንደሚያስተውለው፥ ጦቢት ለተራቡት እንጀራውን፥ ለታረዙት ልብሱን የሰጠ ሰው ነበር፤ ሙታንን የቀበረው ሕያዋንን ሲረዳበት በኖረው እጁ ነው። ኢየሱስ ወልደ ሲራክም በምዕራፍ 7 ከሚያለቅሱት አለመራቅንና የታመመን ለመጠየቅ አለመስነፍን ጐን ለጐን አድርጎ ይመክራል። እርሱ ጐን ለጐን የጻፈውን እኛ ስለ ምን ለየነው?

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ይህንኑ ያሳየናል። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ምሥጢረ ቀንዲል ነው፤ እርሱም ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 እንዳዘዘው ካህናት በሕመምተኛው ላይ ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ነው። ጸሎተ ፍትሐት እጅግ የከበረ ጸሎት ሲሆን ከሰባቱ ምሥጢራት ጋር አይቈጠርም። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ካህኑን ወደ መቃብር ከመላኳ በፊት ወደ አልጋው ትልከዋለች ማለት ነው። ነገር ግን ካህን ለፍትሐት ሲጠራ እንጂ ለቀንዲል ሲጠራ የምናየው ስንት ጊዜ ነው?

በቋንቋችን ሕመምተኛን ለማየት መሄድ «መጠየቅ» ይባላል። ቃሉ በከንቱ አልተሰጠም። የሚጠይቅ ሰው መልስ ይጠብቃልና፥ እንዴት ዋልህ ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚወጣ ሰው ጠየቀ አይባልም። በግእዝ ደግሞ «ሐወጸ» የሚለው ግስ ጐበኘ፥ ተመለከተ ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት ስናጋጥማቸው የሥራውን ምሥጢር እናገኛለን፤ ሕመምተኛው የጐደለውን ሲናገር በጆሮ መስማት፥ አፍሮ ያልተናገረውን ደግሞ በዓይን ማየት ነው።

ይህን ትምህርት የምጽፈው ራሴን ከወቀሳ አውጥቼ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት አሮጊት የንስሐ ልጅ ነበሩኝ። ልጆቻቸው ርቀው ሄደው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መታመማቸውን ሰምቼ ሄድሁ፤ ጸለይሁ፥ ጠበል ረጨሁ፥ መስቀል አሳለምሁ፥ «በሚመጣው እሑድ እመለሳለሁ» ብያቸው ወጣሁ። በዚያ እሑድ ክርስትና ተነሥቶ ግብዣ ነበረ፥ ቀረሁ። በተከታዩ እሑድ ደግሞ ተዝካር ተጠራሁ፥ ቀረሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጡሩምባ ተነፋ። በቀብራቸው ዕለት ድንኳኑ ሰው አልበቃው አለ፤ እኔም ፍትሐቱን ፈታሁ። ከቀብር መልስ አንዲት ጎረቤት ቀርባ፥ «አባታችን፥ እሑድ ይመጣሉ እያሉ በር በሩን ሲያዩ ነበር። ውኃቸው ከመደርደሪያ ላይ ሆኖ እኔ ከሥራ እስክገባ ድረስ የሚያቀብላቸው አልነበረም» አለችኝ። ያን መደርደሪያ በሄድሁ ጊዜ አይቼው ነበር። ውኃው ከአልጋው መራቁን ግን አላየሁም። ሰውነቴ ሄደ እንጂ ዓይኔ አልጐበኘም፤ አፌ ጠየቀ እንጂ ጆሮዬ አልሰማም። ለሙት ተዝካር የነበረኝ ጊዜ ለሕያው ሳይተርፍ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሳነብ፥ ቀድሞ ሳላስተውለው የማልፈው ነገር ይታየኛል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ወንበዴዎች ያቈሰሉትን ሰው ሳምራዊው አይቶ አዘነለት፤ ቊስሉን በዘይትና በወይን አጥቦ አሰረለት፤ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። እኛ ብዙ ጊዜ ስብከቱን እዚህ ላይ እንፈጽማለን። ወንጌሉ ግን አይፈጽምም። ሳምራዊው ያን ሌሊት ሲያስታምመው አደረ፤ ሁለቱን ዲናር ያወጣው በማግሥቱ ነውና። አንድ ዲናር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናነበው የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር፤ እንግዲህ የሁለት ቀን ድካሙን ሰጠ። በመጨረሻም ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ፥ ተጨማሪ ወጪ ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል ገባለት። ስለዚህ ፍቅሩ የአንድ ሰዓት ርኅራኄ አልነበረም፤ ያደረ፥ የከፈለ፥ ተመልሶም የሚመጣ ፍቅር ነበረ። ካህኑና ሌዋዊው ሳያዝኑ ያለፉ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ አዝኜ ሳልመለስ የቀረሁ ሰው ነኝ። ለቊስለኛው ምን ልዩነት አለው?

ሊቃውንት ይህን ታሪክ ሲተረጉሙ፥ ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፥ ቊስለኛው አዳም ነው፥ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ናት፥ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው፥ ጠባቂውም መምህራንና ካህናት ናቸው ይላሉ። ይህ ትርጓሜ የሚያስፈራ ነው። ባለቤቱ ሲመለስ በአደራ የሰጠን ቊስለኛ እንዴት ሰነበተ? ብሎ ይጠይቀናልና።

ቀብር ከማስታመም ይልቅ የሚቀልለን ስለ ምንድን ነው? ቀብር በማኅበር ይሠራል፥ ማስታመም ግን በብቸኝነት ነው። ቀብር ሰው ያየዋል፥ ማስታመም ግን በጓዳ ነው። ቀብር በቀናት ውስጥ ያልቃል፥ ሕመም ግን ዓመታት ይቈያል። ከሁሉም በላይ ቀብር ብድር አለው፤ ነገ ለእኔ ይመጡልኛል እንላለን። ጌታችን ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብድር መመለስ የማይችሉትን እንድንጠራ አዝዞናል፤ ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ራሱ ነውና።

የቀደሙት ክርስቲያኖች ሁለቱን አልለዩም። በ3ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእስክንድርያ ከተማ ጽኑ ቸነፈር በገባ ጊዜ፥ የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ዲዮናስዮስ የጻፈውን መልእክት አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ አቈይቶልናል። በዚያ እንደ ተጻፈው አሕዛብ በበሽታው የተያዙትን የቅርብ ዘመዶቻቸውን እንኳ ወደ መንገድ ሲጥሉ፥ ብዙዎች ክርስቲያኖች ግን ራሳቸውን ሳይሰስቱ ሕሙማንን አስታመሙ። ከእነዚህም መካከል ቀሳውስት፥ ዲያቆናትና ምእመናን በሽታው ተጋብቶባቸው ሞቱ። የሟቾቹን ዓይን የከደኑት፥ ሬሳቸውን ያጠቡትና የቀበሩት እነዚያው ያስታመሙት እጆች ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላም ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ከተማ አጠገብ ለድሆችና ለሕሙማን ታላቅ ማደሪያ አሠርቶ፥ ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ራሱ እያቀፈ ይቀበላቸው ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ሕመምተኛን ስንጠይቅ የምንመለስበትን ቀን ወስነን እንውጣ፥ በቀኑም እንመለስ። መመለስ የማንችል ብንሆን ሰው እንላክ። ሁለተኛ፥ ዓይናችን የጐደለውን ይፈልግ፤ ውኃው ቀርቧልን? ልብሱ ታጥቧልን? ምግቡን የሚያጐርሰው አለን? ሦስተኛ፥ ብዙ ተቀምጠን አናድክመው፤ በዚያው በሽታ የሞተውንም ሰው ታሪክ አናውራለት። አራተኛ፥ ጸሎትንና ጠበልን ከሐኪም መድኃኒት ጋር አናጣላ፤ ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምራልና። አምስተኛ፥ አስታማሚውን አንርሳ። ሌሊቱን ሁሉ ቊጭ ብላ የምታድር ልጅ ወይም ሚስት ለአንዲት ሌሊት ብትተካ፥ ያ ከብዙ ስጦታ ይበልጣል። ስድስተኛ፥ ይህን ሁሉ ስናደርግ አንናገረው፤ ቀኝ የሠራውን ግራ እንዳያውቅ ጌታ አዝዟል።

ለዕድሮቻችን ደግሞ አንድ ቃል እናገራለሁ። በብዙ ዕድር ከቀብር የቀረ አባል በመዝገብ ተይዞ ይቀጣል፤ ሕመምተኛ ያልጠየቀ ግን የሚቀጣው የለም። ይህ ሊታረም የሚችል መሆኑን አይተናል። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት የኤድስ በሽታ ብዙ ቤት በዘጋበት ጊዜ፥ በአዲስ አበባ አያሌ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በየቤቱ የተኙትን ሕሙማን ወደ መርዳትና ወላጅ ያጡትን ሕፃናት ወደ መደገፍ ተሻግረው ነበር። ድንኳኑና ወንበሩ ለሙታን እንደ ተዘጋጀ ሁሉ፥ ለሕያዋንም ተራ የሚጠብቅ ሰው በመዝገቡ ቢጻፍ ዕድሩ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀነስም።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አንድ ሰው ወደ ልባችሁ ሳይመጣ አልቀረም፤ እመለሳለሁ ብላችሁት ያልተመለሳችሁለት ሰው። ጡሩምባ ሳይነፋ ሂዱ። ከሄዳችሁም በኋላ ውኃው ከእጁ አጠገብ መሆኑን ሳታዩ አትውጡ። ሕሙማንን የጐበኘ አምላክ ጉብኝታችንን ይቀበልልን፤ ዳግመኛ ሲመጣም በአደራው ታምነን ያግኘን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።