የቪክቶሪያ መስቀል

ምንባብ

በጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመን ሰው መሸለም በብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ «ሽልማቱ የሚገባው ለማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1853 ከተጀመረው የክሪሚያ ጦርነት በፊት ከፍተኛው የጦር ኒሻን ይሰጥ የነበረው ለከፍተኛ መኮንኖች ብቻ ነበር። ተራው ወታደር የቱንም ያህል ቢጋደል ለዚህ ክብር አይታጭም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ግን ጋዜጦች የተራውን ወታደር መከራና ጀግንነት ለሕዝብ አሰሙ። ስለዚህም ንግሥት ቪክቶሪያ በ1856 በስማቸው የሚጠራ አዲስ ኒሻን አቋቋሙ። ኒሻኑ «ለጀግንነት» የሚል ቃል የተቀረጸበት የነሐስ መስቀል ነው። ክብሩ ከተሠራበት ማዕድን ሳይሆን ከተሰጠበት ምክንያት የመነጨ ነው። መኮንንም ሆነ ተራ ወታደር የሚቀበለው ያንኑ መስቀል ነው። በ1857 በለንደን ከተማ በሃይድ ፓርክ ንግሥቲቱ በፈረስ ላይ እንደተቀመጡ መስቀሉን በ62 ጀግኖች ደረት ላይ በእጃቸው አኖሩ።

እኩልነቱ ግን ሙሉ አልነበረም። የመጀመሪያው ደንብ በውጊያ ላይ ለወደቀ ሰው ስለሚሰጥ ሽልማት የሚናገረው ነገር አልነበረውም፤ ለሙታን መስቀሉ መሰጠት የጀመረው በ1902 ነው። የሕንድ ጦር ተወላጅ ወታደሮችም እስከ 1911 ድረስ መስቀሉን ለመቀበል አይፈቀድላቸውም ነበር። ከተፈቀደ በኋላ፣ በ1914 ኩዳዳድ ካን የተባለ ወታደር በቤልጂግ ጦር ሜዳ ባሳየው ጽናት ከመካከላቸው የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ።

በ1941 (በ1933 ዓ.ም.) ኢትዮጵያን ከፋሺስት ኢጣሊያ ነጻ ለማውጣት በተደረገው ጦርነት፣ ናይጀል ሊኪ የተባለ ሃምሳ አለቃ በቁሊቶ አጠገብ በጠላት ታንክ ላይ ዘሎ ወጣ። ክዳኑንም ከፍቶ ከሾፌሩ በቀር በውስጡ የነበሩትን ተኩሶ መታ። ሌላ ታንክ ሊማርክ ሲታገል ግን ተገደለ። መስቀሉ ከሞተ በኋላ በ1945 ተሰጠው። የቀድሞው ልማድ ባይለወጥ ኖሮ ስሙ ከተሸላሚዎች መዝገብ ባልገባም ነበር።

ጥያቄዎች

1. አዲሱ ኒሻን ከቀድሞው በምን ይለያል?
2. «እኩልነቱ ግን ሙሉ አልነበረም» የተባለው ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያቶች ጥቀሱ።
3. «ይታጫል»፣ «ጀብዱ» እና «ጽናት» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አግቡ።