ወንበር ከመቁጠርሽ በፊት

ልጄ፣ የደብረ ታቦርን ሜዳ መቀመጫ ለማስፋት ከሚያጠናው ቡድን መግባትሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን በግንባታ የፈጀሁ ነኝና ጥቂት ልበልሽ።

1. ከባሕር ዳር ጋር አትፎካከሪ። ያ ስታዲየም ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፉት እዚያ ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተጫወቱ በኋላ ግን ሜዳው የካፍን መስፈርት አላሟላም ተባለ። ጋናን ኅዳር 2 ቀን ጆሃንስበርግ ላይ፣ ግብፅን ደግሞ ሰኔ ላይ ሊሎንግዌ ላይ «አስተናገድን»። የጎደለን የሰው መያዣ አልነበረም።

2. ከሁሉ በፊት መውጫውን ለኪ። ስታዲየም የሚይዘው ሰው በመቀመጫው ብቻ አይወሰንም፤ በሰላም ማስወጣት የሚችለውን ያህል ነው የሚይዘው። እንግሊዞች የሚጠቀሙበት መመሪያ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ደረጃ በደቂቃ 66 ሰው፣ በደልዳላ መሬት 82 ሰው ያልፋል ብሎ ያሰላል፤ ሁሉም በ8 ደቂቃ ውስጥ ከመቀመጫው አካባቢ እንዲወጣ ይፈልጋል። አስቢው፤ 10 ሺህ ሰው በደረጃ ለማስወጣት በድምሩ 19 ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልግሻል ማለት ነው። አምስት ሺህ ሰው ጨምረሽ የድሮውን በር እንዳለ ከተውሽው የሠራሽው ወጥመድ ነው። በ1993 ዓ.ም. አክራ ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ሲተኩስ ሕዝቡ ወደ መውጫው ሮጠ፤ በሮቹ ተቆልፈው ነበር፤ 126 ሰው አለቀ። ስለዚህ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆንም ጥናትሽ ላይ ጻፊ። ትኬት ሳይቆርጥ የሚገባ እንዳይኖር ተብሎ ጨዋታው እስኪያልቅ በር የሚቆለፍበትን የአገር ልማድ አውቀዋለሁ፤ እሱን እምቢ በይ።

3. በሲሚንቶው ደረጃ ላይ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። መደገፊያና ቁጥር ያለው ወንበር ሲተከልበት የሚይዘው ሰው ይቀንሳል። ይህን ለአስተዳደሩ አስቀድመሽ ካልነገርሽ በኋላ ወቀሳው ባንቺ ላይ ነው። ወንበሩን ስትደረድሪም ከኋላ ያለው ሰው ወደ ሜዳው የሚያይበት መስመር ከፊተኛው ሰው ዐይን ቢያንስ በ6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማለፉን አረጋግጪ፤ አለዚያ ሁሉም ይቆማል፣ ወንበሩም ትርፍ ይሆናል።

4. የእኛ አገር ተዳፋት አያጣም። ኮለን አቁሞ በኮንክሪት ከማንሳት ይልቅ ዳገቱን እየቆረጡ በጥቁር ድንጋይ እርከን መሥራት ይረክሳል፣ ጥርቡም እዚሁ አለ። ግን የጉናን ክረምት ታውቂዋለሽ። ከእርከኑ ኋላ የሚጠራቀመው ውሃ መውጫ ካጣ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ከላይ ቦይ፣ በግንቡ ላይ ቀዳዳ፣ ከኋላው ጠጠር። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው ነው፤ እንዳታሰርዢ።

5. የሴቶች መጸዳጃ። ሌላ ቃል አልጨምርም፣ አንቺው ታውቂዋለሽ።

6. ጥናቱ ለከተማው ከመቅረቡ በፊት አንድ እሑድ ጨዋታ ሲያልቅ በሩ አጠገብ ቁሚና በደቂቃ ስንት ሰው እንደሚያልፍ ቁጠሪ። ቁጥሩን ይዘሽልኝ ነይ፤ ፕላኑን አብረን እናየዋለን።