ብርድና የብስክሌተኛ እግር፦ የምሥራቅ ጎጃምን ደጋ መነሻ ያደረገ አጭር ጥናታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

ብስክሌት በባሕር ዳር ጎዳናዎች የተለመደ መጓጓዣ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣና ብቸና፣ ከዚያም ወደ የጥኖራና ደጀን አካባቢ ሲኬድ ግን ምድሩ ከፍ፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። ሞጣና ብቸና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ደጋ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ገበያ በብስክሌት የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የሚፈተነው በእግሩ ጣቶች ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እግር ለምን ከሌላው የሰውነት ክፍል ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ ማስረዳትና በአካባቢው በሚገኙ ነገሮች እንዴት መከላከል እንደሚቻል ማመልከት ነው።

የብርዱ ሁለት መልኮች

በደጋው ብርድ በሁለት ወቅት በሁለት መልክ ይመጣል። በክረምት ብርዱ ከዝናብና ከጭቃ ጋር የተዋሐደ እርጥብ ብርድ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ የሚያድርበት፣ ንጋት ላይም ውርጭ የሚጥልበት ደረቅ ብርድ ነው። በአማካይ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየር ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከብዶ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ስለሚወርድ፣ ንጋት ላይ የወንዝ ዳር መንገድ ከኮረብታው ይልቅ ሊበርድ ይችላል። ስለዚህ መንገደኛ ብርዱን በከፍታ ብቻ ሊመዝነው አይገባም።

እግር ስለ ምን ቀድሞ ይቀዘቅዛል?

ሰውነት ሲበርደው በቅድሚያ የሚጠብቀው ልብን፣ ሳንባንና አንጎልን ነው። ለዚህም ሲል ወደ እጅና እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል፤ በደም አማካይነት የሚደርሰው ሙቀትም ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ ደረቱና ጭኑ በሚገባ ያልተሸፈነ ሰው ጫማው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን እግሩ ሊሞቀው አይችልም።

የብስክሌተኛ እግር ከእግረኛው የበለጠ የሚጎዳባቸው ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ። እግረኛ በእያንዳንዱ እርምጃ የመዳፉን ጡንቻ ያንቀሳቅሳል፤ ብስክሌተኛ ግን ጭኑን እያሠራ የእግሩን መዳፍ ፔዳሉ ላይ እንደ ተጫነ ያቆየዋል። የብረት ፔዳል ደግሞ በስስ ሶል በኩል ሙቀት ይስባል። ከሁሉ በላይ ብስክሌተኛ ነፋስን ራሱ ይፈጥራል። በ2001 እ.ኤ.አ. በካናዳና በአሜሪካ ሥራ ላይ በዋለው የነፋስ ቅዝቃዜ ቀመር መሠረት፣ 5 ዲግሪ የሆነ አየር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነፍስ 1 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። ቀመሩ የተሠራው ለተጋለጠ የፊት ቆዳ ቢሆንም የነፋስን ኃይል ያሳያል። በቁልቁለት ላይ ነፋሱ ሲበረታ ጡንቻው ያርፋልና ጉዳቱ ድርብ ይሆናል።

የእርጥበት ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከረጋ አየር 20 ጊዜ በላይ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ጉዳት ውርጭ እንኳ አያስፈልገውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ በእርጥብ ጫማ ለቀናት የቆሙ ወታደሮች እግራቸው የተጎዳው የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይ በሆነበት ጊዜም ጭምር ነበር።

የመከላከያ መንገዶች

አንደኛ፣ ጫማ ልቅ ይሁን። ሙቀት የሚይዘው በካልሲና በጫማ መካከል የረጋው አየር ነው። በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ መደረብ አየሩን ያስወጣል፣ የደም ዝውውርንም ያውካል፤ ስለዚህ ከማሞቅ ይልቅ ያቀዘቅዛል።

ሁለተኛ፣ ሱፍ ከጥጥ ይመረጥ። ጥጥ ሲርስ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሱፍ ግን እርጥበት ይዞም ሙቀት ይጠብቃል። ባናና በርኖስ የሠራ እጅ ከዚያው ከበግ ጠጉር የእግር ሹራብ ለመሥራት አያንስም።

ሦስተኛ፣ ነፋስና ውሃ ይታገድ። በካልሲው ላይ የሚጠለቅ ፌስታል ለአጭር መንገድ ነፋስን ያግዳል፤ ላብ ስለሚያጠራቅም ግን እንደ ደረሱ መውለቅ አለበት። ቦቲ ጫማም ጭቃን ቢከለክልም ላብን ስለሚይዝ ትርፍ ደረቅ ካልሲ ይሻል። የፊት ጎማው ፓራፋንጎ ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ እግር የሚረጨው ውሃ ይቀንሳል።

አራተኛ፣ ጣት መደንዘዝ ሲጀምር ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ይገባል። ይህ ምንም ወጪ የሌለው፣ ነገር ግን በችኮላ የሚዘነጋ መድኃኒት ነው።

አምስተኛ፣ የደነዘዘን እግር ወደ ምድጃ ማስጠጋት አደገኛ ነው፤ የማይሰማው ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላልና። በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሊጠነቀቅ ይገባል። እግርን ማድረቅ፣ በደረቅ ጨርቅ መጠቅለልና ትኩስ ነገር መጠጣት ይሻላል።

ማጠቃለያ

በደጋው እግርን መጠበቅ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሲሆን፣ መነሻው ባዶ እግር ለረጅም ዘመን ከቀይ አፈር ጋር መነካካቱ ነው፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። እንግዲህ ብስክሌተኛውን ከብርድ የሚጠብቀው ድፍን ጫማ ገበሬውንም ከዚህ ሕመም ይጠብቃል። ጫማው ግን ልቅ፣ ካልሲው ደረቅ፣ እግሩም የታጠበ መሆን አለበት፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሌሎቹ ጥቅም ይቀንሳል።