ደም ላየ ሰው የሰገራ ምርመራ ብቻ አይበቃም

ይህን የምጽፈው ጉለሌ ውስጥ በጤና ጣቢያ ለምትሠሩ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው። ከሽሮ ሜዳ የመጣ ሸማኔ «ኪንታሮቴ ተነሥቶብኛል» ሲል ማመን ይቀላል፤ ቀኑን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ሰገራ ይታዘዛል፣ የአሜባ ሲስት ታየ ይባላል፣ ሜትሮኒዳዞል ይዞ ይሄዳል። ከወር በኋላ ያንኑ ደም ይዞ ይመጣል።

ሲስት መታየቱ ደሙ ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም። ጉዳት የሌለው ኢንታሜባ ዲስፓር በማይክሮስኮፕ ከሂስቶሊቲካ አይለይም። ቀይ የደም ሴል የዋጠ ትሮፎዞይት ከታየ ግን ይታከም። ታክሞ ካልቆመለት ሁለተኛ ዙር ከማዘዝ ሪፈር መጻፍ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ጓንት አጥልቆ በጣት መመርመር አለ። ወጪ የለውም፤ ብዙ ባለሙያ ግን አፍሮ ይዘለዋል። ፊንጢጣ አካባቢ ያለ ዕጢ በጣት ሊዳሰስ ይችላል። ኪንታሮት ቢገኝም ከላይ ሌላ ነገር የለም ማለት አይደለም። ሲቢሲም እዘዙ፤ ወንድ ሆኖ በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ካለበት፣ ደም ባያይም አንጀቱ መታየት አለበት።

ደሙን በዓይኑ ላየ ሰው የተደበቀ ደም መፈለግ ምን ይረባዋል? ኔጌቲቭ ቢሆንም ከኮሎኖስኮፒ አያድነውም። የጓያክ ወረቀቱ ደግሞ ቁርጥ የበላን ሰው በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል።

ኮሎኖስኮፒ ትልቁን አንጀት እስከ መነሻው ያሳያል፣ ናሙና ይወስዳል፣ ፖሊፕም ያወጣል። ሲቲ ስካን ናሙና አይወስድም፤ በዋናነት የሚጠቅመው ካንሰር ከተረጋገጠ በኋላ የት እንደደረሰ ለማየት ነው። የታካሚው ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሲቲን አታስቀድሙ። ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ስትልኩ «የሆድ ሕመም» ብላችሁ አትለፉ፤ ደሙ የቆየበትን ጊዜ፣ የክብደቱን መቀነስ፣ ሄሞግሎቢኑን፣ በጣት ያገኛችሁትን ጻፉ። ወጣትነቱም አያዘናጋችሁ፤ በአገራችን የትልቁ አንጀት ካንሰር ከ50 ዓመት በታች ያሉትንም ብዙ ጊዜ ያገኛል።

ዝግጅቱን ቀድማችሁ አስረዱት። አንጀቱ ካልጸዳ ምርመራው ይደገማል፤ የቀን ገቢው ሁለት ጊዜ ይቀርበታል። ጎመን፣ ቆሎ፣ ሽምብራና ተልባ ለሁለት ሦስት ቀን ይቅሩ፤ በጾም ወቅት ይህን አጥብቃችሁ ንገሩት። የብረት ክኒን ከሳምንት በፊት ይቁም። ማስታገሻ ስለሚሰጠው አጃቢ ይዞ ይምጣ፣ በዚያ ቀንም ወደ ሥራ አይመለስ።

ሆዱ በድንገት ተነፍቶ፣ ፈስም ሰገራም ላቆመ ሰው ግን ይህ ሁሉ ይቅር። የአንጀት መጠማዘዝ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ አንድ የሆድ ራጅ ብዙ ጊዜ ይለየዋል። አንጀት የሚያጸዳ መድኃኒት ፈጽሞ አትስጡት፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ላኩት።