ንብ የሚመስሉ፣ ንብ የሚበሉ

መስከረም ሲጠባ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ ሻምቡ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን አደይ አበባ ያያል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የኑግ ማሳው ቢጫ ይለብሳል። አበባው ላይ የሚርመሰመሰው ሁሉ ግን ንብ አይደለም። ንብ መስሎ የሚኖር ዝንብ አለ፤ ንቧን ሊበላ የመጣም አለ።

የመጽሐፉ ንብና የእኛ ንብ

የውጭ መጻሕፍት ለማስመሰል ትምህርት ምሳሌ የሚያደርጉት ባምብልቢ የምትባለውን ወፍራምና ጸጉራም ንብ ነው። እሷ ግን ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አትገኝም። ለእኛ ምሳሌ የሚሆኑን የማር ንብና ደረቅ እንጨት ቦርቡራ ጎጆ የምትሠራው ትልቋ ጥቁር ንብ ናቸው። ማገር ወይም የአጥር እንጨት ላይ ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ የእሷ ደጃፍ ሊሆን ይችላል።

አስመሳዩን በምን እንለየው?

አንዣባቢ ዝንብ ሆዱ ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር አለው፤ መንደፊያ ግን የለውም። አንዴ በንብ የተነደፈ ወፍ መስመሩን ሲያይ ይሸሻል፤ ዝንቡም በሌለው መሣሪያ ተከብሮ ይኖራል። ይህን ዘዴ እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1862 ስላብራራው «የቤትስ ማስመሰል» ተብሏል። ልብ የምትሉት እነዚህን ነው፦

- ክንፍ፦ ዝንብ 2፣ ንብ 4። የንቧ ክንፎች ግን ስለሚቆላለፉ መቁጠር ያስቸግራል።
- ዓይን፦ የዝንቡ ዓይን አብዛኛውን ፊቱን ይሸፍናል።
- አንቴና፦ የዝንቡ አጭር ነው፤ የንቧ ረዘም ብሎ መሃሉ ላይ ይታጠፋል።
- የኋላ እግር፦ ሠራተኛ ንብ የአበባ ዱቄት ጠቅልላ ትሸከምበታለች፤ ዝንቡ አይሸከምም።
- በረራ፦ ዝንቡ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ድንገት ወደ ጎን ፈትለክ ይላል።

የብዙዎቹ አንዣባቢ ዝንቦች እጭ ጎመን ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ ይበላል። ጓሮ ውስጥ ፀረ ተባይ ሲረጭ ክሽክሹን የሚበላልን ረዳትም አብሮ ይሞታል።

ንብ በሎቹ

ነጣቂ ዝንብ አፉ ዙሪያ ጺም አለው፤ በሁለቱ ዓይኖቹ መሃል አናቱ ጎድጎድ ያለ ነው። ቅጠል ጫፍ ላይ ያደፍጥና ንቧን በበረራ ላይ ይነጥቃታል። ወስፌ በመሰለ አፉ ወግቶ ምራቁን ይለቅባታል፤ ምራቁ አደንዝዞ ውስጧን ያሟሟል፤ ከዚያ ይመጥጣታል። ሂፐሬኪያ የተባለው አፍሪካ ውስጥ የሚገኝ ነጣቂ ዝንብ ደግሞ እንጨት ቦርቧሪዋን ንብ ቁርጥ ነው፤ እጩም እንጨቱ ውስጥ ገብቶ የእሷን እጮች ይበላል። አስመሳይም በላተኛም እሱ ነው።

ንብ አዳኟ ተርብ የማር ንብ ትነድፋለች እንጂ ወዲያው አትገድልም። ሽባ አድርጋ አፈር ውስጥ ወደቆፈረችው ጉድጓድ ትወስዳታለች፤ ንቧ እዚያ ለተርቧ እጭ ስንቅ ትሆናለች። ሌሊት ቀፎ ገብቶ ማር የሚመጥ ትልቅ የእሳት ራትም አለ፤ እሱ የሚያስመስለው በመልኩ ሳይሆን በጠረኑ ነው።

የክትትል ሥራ

ፀሐይ ጤዛውን ካደረቀች በኋላ ኑግ ማሳ አጠገብና ጓሮ ውስጥ አበባ የበዛበት ቦታ መርጣችሁ በየቦታው ለ15 ደቂቃ ቁሙ። ጥላችሁ አበባው ላይ አይረፍ፤ ቀፎ አትጠጉ፤ በእጅ አትያዙ። ደብተራችሁ ላይ «ንብ»፣ «አስመሳይ»፣ «አዳኝ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች አስምሩና ያያችሁትን ቁጠሩ።

ማስመሰል አብዛኛውን ጊዜ የሚያዋጣው አስመሳዩ ከእውነተኛው ሲያንስ ነው። አስመሳይ ከበዛ ወፏ ደጋግማ ትቀምሳለች፤ ስላልተነደፈችም መፍራቷን ትተዋለች። የኑግ ማሳውንና የጓሮውን ቁጥር ለየብቻ አስፍሩ፤ አስመሳዩ ይበልጥ ለአደጋ የሚጋለጠው የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ከቁጥራችሁ ተነስታችሁ አስረዱ።